ከረን ወይስ ምጽዋ

ልጄ ሰሞኑን ስልኳን ይዛ አጠገቤ ትቀመጥና የዓለምን ከተሞች ታማርጠኛለች። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቿን ዕውቀት የሚቀስሙበት አገር ልትወስዳቸው ነው። ካይሮ፣ ኢስታንቡል፣ ሮም። «እማዬ፣ ለልጆቹ የትኛው ይሻላል?» ትለኛለች። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ምርጫ የተደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም የመረጠልን ፍርሃት ነበር።

የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው፤ አስመራ ውስጥ ጸጸራት እንኖር ነበር። አቦይ የምንለው አባታችን የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ዓለምን በካርታ ብቻ ማስተማር ቢሰለቸው ለገና ዕረፍት አንድ ቦታ ሊያሳየን ቆረጠ፤ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ምረጡ» አለን። እኔ ሮም ብዬ ተሳቀብኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል የነበረው ወንድሜ ተስፋይ ግን ምንም ሳያቅማማ «ከረን» አለ።

«ኣይፋል! አይሆንም!» አለች እናቴ፣ ቃሉን እንኳ ሳያስጨርሰው።

የጎረቤታችን ልጅ ከረን ያለች አክስቱን ሊጠይቅ እንደሄደ በረሃ ገብቶ ከሸማቂዎቹ ጋር ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም ጮክ ብሎ የሚያነሳ አልነበረም። አቦይ ጣቱን ከከረን ወደ ምጽዋ አንሸራተተና «ባሕር እናያለን» አለ። ተስፋይም ወዲያው እሺ አለ። እሺታው መፍጠኑ ለእናቴ ሌላ ጭንቀት ሆነባት።

ሊቶሪና በምንላት ባለአንድ ፉርጎ ባቡር ቁልቁል ወረድን። አርባሮባ ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ከዚያ በታች፣ እኛ ጋ አስመራ በጋ ሆኖ ሳለ፣ ተራራው በዝናብ ለምልሟል። አቦይ ምክንያቱን ያስረዳናል፤ እናቴ በየዋሻው ጨለማ የተስፋይን እጅጌ ጨብጣ ትይዛለች። ጊንዳዕ ጣቢያ ስንደርስ ተስፋይ «ብርቱካን ልግዛ» ብሎ ዘሎ ወረደ።

ወዲያው ሁለት ወታደሮች ገቡ። አንደኛው ባዶውን ወንበር አይቶ «እዚህ የነበረው የታለ?» አለ። እናቴ አማርኛ አታውቅም ነበር። አቦይ ትኬቶቹን ከኪሱ ሊያወጣ ጎንበስ አለ። ትምህርት ቤት በተማርኩት አማርኛ እኔ መለስኩ፦ «ወንድሜ ነው፣ ጌታዬ። ብርቱካን ሊገዛ ወርዶ ነው።»

ወታደሩ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከሻጮቹ መሃል ተስፋይ የለም። የባቡሯ ጡሩምባ ተነፋ። እናቴ ተነስታ በነጠላዋ አፏን አፍና መስኮቱ ጋ ቆመች። ብትጠራው ወታደሮቹ ይሰማሉ። አልጠራችውም።

ሊቶሪናዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር ተስፋይ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ሮጦ ወጣና የኋላው በር ላይ ተንጠላጠለ። እጁ ባዶ ነው።

«ብርቱካኑስ?» አለው ወታደሩ።

«ገና ጥሬ ነው» አለ ተስፋይ እያለከለከ።

ወታደሩ ትክ ብሎ አየውና አልፎት ሄደ።

ምጽዋ እግራችንን ባሕሩ ውስጥ ነክረን ተቀምጠን ሳለ እውነቱን ነገረኝ። በረሃ የሚያስገባው ጓደኛው መጋዘኑ ጀርባ ይጠብቀው ነበር። «እናታችን ብትጠራኝ ኖሮ እሄድ ነበር» አለኝ። «አፏን ይዛ ሳያት ግን እግሬ እምቢ አለኝ።»

በዓመቱ ሄደ። ያን ጊዜ ግን ለእናቴ ነገራት፤ አብረው አለቀሱ፤ ስንቅም ቋጠረችለት። አልተመለሰም። «ነግሮኝ ነው የሄደው» እያለች በዚያችው ትጽናና ነበር፣ እስክትሞት ድረስ።

ዛሬ ልጄ እንደገና ስትጠይቀኝ «ልጆቹ ይምረጡ» አልኳት። «ሲመርጡ ግን ለምን እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ቁጭ ብለሽም ስሚያቸው።»

ያን ቀን፣ ካርታው ፊት፣ ተስፋይን ለምን ከረን እንዳለ ማናችንም አልጠየቅነውም። በረሃ ሊገባ ነው ብለን፣ የምናውቅ መስሎን ነበር።