የጭራ መብራት

ባሕር በሌለበት አገር፣ ሐይቁ እንኳ ከሩቅ በሚታይባት በሶዶ ከተማ ስለ ጥልቅ ባሕር ዓሣ የሚያስተምር ሰው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደመወዝ የሚከፈለኝ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጠቅላላ ባዮሎጂ ለማስተማር ነው። የፋኖስ ዓሣን የማነሣው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺንም ቀን ማንም ሳያይብኝ በኮርሱ መጨረሻ፣ ሁሉም ለፈተና ሲጨነቅ ሸጉጬ አስገባታለሁ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው፦ «ቲቸር፣ ይበላል?»

ሁለተኛ ዲግሪዬን ውጭ አገር፣ ባሕር ዳር ባለች ከተማ ስማር የደረሰኝ ርዕስ የዚህ ዓሣ መራባት ነበር። ጣት የምታህል ዓሣ ናት። ቀኑን ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ትውልና ሲመሽ ወደ ላይ ትወጣለች። ሊነጋ ሲል ደግሞ ተመልሳ ትወርዳለች። ሆዷ ሥር ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። በብዙዎቹ ዝርያዎች ወንዱ ከሴቷ የሚለየው በጭራው መብራት ነው፤ የወንዱ ከጭራው ሥር በላይ በኩል፣ የሴቷ በታች በኩል ይበራል። እኔም ወጣትነቴን የጨረስኩት ፎርማሊን ውስጥ የከረሙ ዓሦችን እያገላበጥኩ ወንድና ሴት በመለየት ነው። ከዚያ የሴቷን ዕንቁላል በማይክሮስኮፕ እያየሁ የደረሰውን ካልደረሰው እለያለሁ። ዕንቁላሏን ውሃው ውስጥ ትለቃለች፣ ወንዱም ዘሩን ይለቅበታል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የለም፤ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ሁሉም ነገር በጨለማ ስለሚያልቅ፣ ሲገናኙ በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

አያቶቼ ከሰሜን መጥተው ሶዶ ላይ የቀሩ ናቸው። እኔ ሦስተኛው ትውልድ ነኝ፤ ግን ዎላይትኛዬ ከገበያ አያልፍም። ሰላም እላለሁ፣ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ አለቀ። ወላጆቼ ሲሞቱ ቤቱ ተሸጦ ተከፋፈልነው፤ እህት ወንድሞቼ ወደየፊናቸው ሄዱ፣ እኔ አንዲት የዎላይታ እናት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። እማማ እላቸዋለሁ። ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ አማርኛቸው ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። ዶሮዋ ዕንቁላል «ጣለ»፣ ልጃቸው ከሐዋሳ «ደወለ»። ሰዋስው ሲበላሽ ጥርሴን የሚያመኝ ሰው ነኝና መጀመሪያ ሰሞን «ደወለች ነው የሚባለው» እያልኩ አርማቸው ነበር። እየሳቁ «እሺ፣ ደወለች» ይሉና በማግስቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። ቆይቼ ተውኩት፣ ጆሮዬም ለመደው።

እሷን ያወቅኋት ከሶዶ ብዙም በማትርቀው በዱቦ ነው። ሆስፒታል የተኛ ጓደኛዬን ልጠይቅ ስመላለስ ተዋወቅን። አዋላጅ ነርስ ናት፣ የዚያው አካባቢ ልጅ። ሥራዬን ስነግራት አልሳቀችብኝም። ዓሣው ይበላ እንደሆነም አልጠየቀችኝም።

«ወንዱ መብራቷን ሳያይ ቢያልፍስ?» አለችኝ።

«ሊነጋ ሲል ትወርዳላ።»

«ምስኪን» አለች። ማንኛቸውን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ጓደኛዬ ድኖ ከወጣ በኋላም ወደ ዱቦ መሄዴን አላቆምኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ እሳፈርና የቀረውን በእግሬ እጨርሳለሁ፤ ተረኛ ካልሆነች አብረን ምሳ እንበላለን። አርባን ያለፈ ወንደላጤ ነበርኩ። ማታ ገብቼ በሩን ስዘጋ «ዛሬ እንዴት ዋልክ» የሚለኝ ሰው አለመኖሩ ከምንም በላይ ያመኝ ነበር። አንድ ቀን ድፍረቴን አሰባስቤ አግቢኝ አልኳት። እሷ ያኔ ዝውውር ጠይቃ ድሬዳዋ ተፈቅዶላት ነበር። ካገባችኝ ዝውውሩን ትሰርዛለች፣ ካላገባችኝ ትሄዳለች፤ መሐል መንገድ የለም። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል እንዲህ አለችኝ፦

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም። አትደውልልኝ፣ እኔም አልደውልም። እስከ እሑድ ቤትህ ከመጣሁ እሺ ብያለሁ ማለት ነው። ካልመጣሁ ግን አትጠይቀኝ።»

ያን ሳምንት ከክፍል እንደወጣሁ በቀጥታ ቤት ነበር የምገባው። ክፍሌን ጠረግሁ፣ አንሶላ ለወጥኩ፣ ሁለተኛ ወንበር ገዛሁ። አልመጣችም። ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ገሱባ ላይ ማረፏ ተነገረኝ። ለቅሶ ደግሞ እንዲህ ያለ ምክንያት አለኝ ተብሎ አይቀርም። ስወጣ እማማን «ሰው ከመጣ ያቆዩልኝ» አልኳቸው። ሴት ትመጣለች ለማለት አፈርኩ። የእሳቸው ግቢ ውስጥ ሴት እንግዳ ተቀብዬ አላውቅም ነበር። በዚያ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬም የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሊወስድ ቅዳሜ ብቅ እላለሁ ብሎኝ ስለነበር «ሰው» ማለቱ ለሁለቱም የሚበቃ መሰለኝ።

የገሱባ መንገድ ያው ነው። ስንመለስ ዝናብ ጣለ፣ መኪናችን ጭቃ ያዘው፣ ሁላችንም ወርደን ገፋን። ሶዶ የገባሁት ጀምበር ስትጠልቅ ነው። እማማ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ሰው መጥቶ ነበር። ብዙ ተቀመጠ። ‹መጥቼ ነበር ይበሉልኝ› አለ፣ ሄደ። አቮካዶም አመጣልህ።»

ወዲያው ባልደረባዬ ታየኝ። ቁልፍ ፈልጎ ነዋ የሚመጣው። የገረመኝ አቮካዶው ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም ሰውዬው በቋጣሪነቱ የታወቀ ነው። አቮካዶውን በዳቦ እራቴ አደረግሁት፤ በጣም ጥሩ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ እንኳ ቀርቼ ቤት ዋልኩ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እነሣለሁ። ጎረቤት ነው፣ ወተት የሚያመጣው ነው፣ እማማን ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ነው። ሲመሽ ሁለተኛውን ወንበር አንሥቼ ልብስ ደረደርኩበት። ሰኞ ለባልደረባዬ ቁልፉን ስሰጠው «አቮካዶህን ጨረስኩት» አልኩት፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

አልደወልኩላትም። ካልመጣሁ አትጠይቀኝ ብላኝ የለ? «ኩራት እራት ነው» ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ እኔም ያን እራት ብቻዬን ስበላ ከረምኩ። ቅዳሜዎቼ ረዘሙብኝ። አንዳንዴ መናኸሪያ ድረስ እሄድና ወደ ዱቦ የምሳፈርበት ሚኒባስ ሞልቶ ሲወጣ አይቼ እመለሳለሁ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ስለ ፋኖስ ዓሣ አስተማርኩ፣ ይበላል ወይ ተባልኩ።

ባለፈው ክረምት የእማማ እግር አብጦ አስቸገራቸውና ዘመዶቻቸው ዱቦ ወሰዷቸው። ሲመለሱ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ሳለ እንዴት ሆኑ ልላቸው ገባሁ። ሐኪሙ ደህና አድርጎ አይቷቸዋል፣ መድኃኒትም ሰጥቷቸዋል፤ ቅሬታቸው ሌላ ነበር።

«ያንተን ነርስ ፈለግሁት፣ የለም። ድሬዳዋ ገባ አሉኝ።»

«የቱን ነርስ?»

«ያ አቮካዶ ያመጣልህ። ጸጉሩን ሹሩባ ተሠርቶ፣ ነጠላ ለብሶ። ያን ቀን እዚሁ ተቀምጦ እግሬን አሸልኝ። ነግሬህ የለም?»

ነግረውኛል። መልእክቱን አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ነው የነገሩኝ። አጠገባቸው ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ከሁሉ የቆጨኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ በገዛ ቋንቋቸው ቢነግሩኝ ኖሮ ወንድና ሴቱ አይምታታም ነበር። ዎላይትኛ መጣና መጣችን ጥንቅቅ አድርጎ ይለያል። እሳቸው ግን ለእኔ ብለው በእኔ ቋንቋ ነገሩኝ፣ ምክንያቱም ሦስት ትውልድ እዚህ ኖረን የእነሱን አልተማርንም። እማማ ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ። ደክሞኝ ነው አልኳቸው። ምን ብዬ አስረዳቸዋለሁ?

ስልኳ ያው የድሮው ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ገና ሃሎ ስል ድምፄን ለየችው። ገሱባን፣ ለቅሶውን፣ የእማማን አማርኛ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እኔ እኮ መጥቼ፣ መልእክትም ትቼ ዝም ስትለኝ ሐሳብህን የቀየርክ መስሎኝ ነው» አለች። «ትደውል እንደሆነ ብዬ ዝውውሩን አንድ ወር አስቆይቼው ነበር።»

ከወዲያ ማዶ የሕፃን ልጅ ለቅሶ ሰማሁ። ያንቺ ነው ወይ አልኳት፣ አዎ አለችኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቅኋት፦ ምን ወለድሽ?

«ሴት ናት።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት።

«አሜን» አለች። ልጅቷ ጡት ፈልጋ አላስችል ስላለቻት ብዙም አላወራንም፤ ስልኩን ዘጋሁ።