ለፓንቹዳ የተቆረጠ ቲኬት

የሕንድ ቤንጋሎች ለዕረፍት ሲወጡ የሚሸሹት ሥራቸውን እንጂ ምግባቸውን አይደለም። ተራራውን ያያሉ፣ ሐይቁን ያያሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፤ ማታ ግን ሩዝና ዓሣቸው በሰናፍጭ ዘይት ተሠርቶ ካልቀረበ ሽርሽሩ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ የኮልካታ አስጎብኚዎች ሰውን በባቡር ይዘው ሲሄዱ አብሳይም ድስትም አብረው ይጭኑ ነበር። ፓንቻናን በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ነው። ደንበኞቹ በታላቅ ወንድም ወግ ፓንቹዳ ይሉታል።

በዱርጋ በዓል ሰሞን ከተማው በመብራት ሲያብድ እሱ ሃውራ ባቡር ጣቢያ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። የገዛ ልጁን በበዓል ልብስ አይቷት አያውቅም። ሁለት ሌሊት በባቡር፣ ከዚያ ደግሞ በአውቶቡስ። ሌላው ደርሶ አልጋው ላይ ሲዘረጋ እሱ በማረፊያው ጓሮ ምድጃ ተክሎ፣ ስለቱ ሽቅብ የቆመውን ቦቲ የሚሉትን ቢላዋውን በእግሩ ረግጦ ዓሣ ይበልታል። ከዚያ በተመጋቢዎቹ መሃል እየዞረ «ጨው በቃው?» ይላል። አንዱ ያመሰግነዋል፣ ሌላው ያማርረዋል። ከዕድሜው ሁሉ የሚወዳት ያቺን ሰዓት ነበር።

ከዚያ የአውሮፕላን ዋጋ ረከሰ። ሰዉ የሁለት ሌሊቱን መንገድ በግማሽ ቀን መጨረስ ለመደ፤ ሆቴሉም ቁርስና እራትን ከክፍሉ ጋር ይሸጥ ጀመር። ሁለት በዓል ተከታትሎ ፓንቹዳን የጠራው የለም። በዓልን ቤት መዋል አያውቅበትምና ሚስቱ ሚኖቲ ወጥ ስትሠራ እግሯ ሥር እየገባ ያስቸግራት ነበር።

ዘንድሮ አርኮ ደወለ። ፓንቹዳ ይሠራበት የነበረውን የአስጎብኚ ድርጅት ከሟች አባቱ የተረከበ፣ በሕፃንነቱ ፓንቹዳ ሩዝ እያጎረሰ ያሳደገው ልጅ ነው።

«ፓንቹዳ፣ ሻንጣ ያዘጋጁ! ካሽሚር አብረውን ይሄዳሉ። ያውም በአውሮፕላን!»

ሚኖቲ ወሬው አልጣማትም። «ምን ልታደርግላቸው? ሆቴሉ ያበላቸው የለ?»

«ሆቴል ምን ያውቃል! ምላሳቸው ነገራቸዋ በመጨረሻ። አንቺ ደግሞ፣ ካልፈለጉኝ ቲኬት ይቆርጡልኛል?»

«ጠይቃቸው እንጂ ታዲያ።»

አልጠየቀም። የሚሰማውን መልስ ስለፈራ ሥራው ተመለሰ ብሎ ማመኑን መረጠ።

በባቡር ዕቃውን ከእቅፉ የለየ አብሳይ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ፓንቹዳ አውሮፕላን ማረፊያም ቦቲውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የሰናፍጭ ዘይቱን በጄሪካን አቅፎ መፈተሻው ጋ ቀረበ። ፈታሿ ጨርቁን ስትፈታ ዓይኗ ፈጠጠ።

«አባቴ፣ ይሄን ይዘው አውሮፕላን ሊገቡ?»

«ታዲያ ያለሱ ምን ልሠራ እገባለሁ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። አርኮ በሀፍረት ተሸማቀቀ። «ይተዉት ፓንቹዳ፣ እዚያ አያስፈልግዎትም» አለና ክንዱን ይዞ አሳለፈው። ቦቲውም ዘይቱም እዚያው ቀሩ። ፓንቹዳ የተባለውን በደንብ ሰምቷል። ግን «እዚያ ሌላ ይገዙልኛል ማለቱ ነው» ብሎ ለራሱ ተረጎመው። ሰው ሲጨንቀው አስተርጓሚነት አይከብደውም።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቡ ኒሊማ ቦውዲ ተቀመጡ። በወንድም ሚስት ወግ ቦውዲ የሚላቸው፣ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ የማይቀሩ ደንበኛ ናቸው።

«ፓንቹ፣ እውነቱን ልንገርህ? ዓሣህ ሁሌ ይናፍቀኛል። ግን ከዓሣህና ከጉልበቴ ጉልበቴ በለጠብኝ።»

የሴትዮዋ ጉልበት አብጦ፣ በሚወዛወዘው ባቡር ውስጥ ወደ መጸዳጃ ቤት ደግፎ የወሰዳቸው እሱ ራሱ ነበር። ዛሬ ደመናውን ቁልቁል እያዩ እንደ ልጅ ይስቃሉ። እሱንም ወንበሩ ተመችቶታል፤ ያናደደውም ይኸው ምቾቱ ነበር።

በማግስቱ ስሪናጋር ላይ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ሆቴሉ ወጥ ቤት ወረደ። የሆቴሉ አብሳይ በትሕትና በሩ ላይ አቆመው።

«ጌታዬ፣ እንግዳ እዚህ አይገባም። ቁርስ ላይ ቤት ነው።»

ጌታዬ ያለው ሰው በሕይወቱ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንደ ስድብ ቆጠረው። አርኮን ቁርስ ላይ አገኘው።

«ድስት የት ልከራይ? አሁን ገበያ ከሄድኩ ለምሳ እደርሳለሁ።»

አርኮ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማንም አልነገርዎትም እንዴ? የድሮዎቹ ደንበኞች አዋጥተው እኮ ነው ያመጡዎት። ‹ዕድሜ ልኩን ሲያበላን ኖረ፣ አንዴ እንኳ እንደኛ ይዝናና› ብለው። ስጦታ ነው፣ ፓንቹዳ።»

«እሺ… በጥር ለሚሄዱት ጎብኚዎችስ ማን ያበስላል?»

«እንግዲህ… ደክመዋል፣ ይረፉ።»

በነገሩ ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ቢኖር ፓንቹዳ ተጣልቶ ይወጣለት ነበር። ግን ያሰናበቱት የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ ያሰናበቱትም ስለሚወዱት ነው።

ማታ በሆቴሉ አዳራሽ ደንበኞቹ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቁለት። ኒሊማ ቦውዲ ከሆቴሉ ምግብ በገዛ እጃቸው አንስተው አቀረቡለት፣ ሁሉም አጨበጨበ። እሱም ፎቶ ሲያነሱት ፈገግ አለላቸው። በመሃል ስልኩ ጮኸ። ሚኖቲ ናት። ከአዳራሹ ወጥቶ አነሳው።

«አበሰልክላቸው?»

«አዎ።»

«ወደዱት?»

«ድስቱን ጠረጉት።»

«እሰይ! እኔ ደግሞ ሊሸኙህ ነው የወሰዱህ ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ፣ ምላሴ ይቆረጥ! እንግዲያው በጥርም አትቀርም ማለት ነዋ!»

«በይ ልዝጋ» አለ፣ «ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና አበባው አንገቱ ላይ እንዳለ ኮሪደሩ መሃል ቆመ። ወጥ ቤት አያስገቡትም፣ ወደ አዳራሹም ለመመለስ የሚስቅበት ፊት አልቀረውም።