ሰው የሌለበት ማማ

ባለቤቴ የሥዕል አስተማሪ ሆኖ ቆቦ ከመጣ ጀምሮ በየመኸሩ የማሽላ ማሳ ጣውላ ላይ ይቀርጽ ነበር። ጣውላውን ይፈለፍላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ያለብሰዋል፣ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ያሸዋል፤ ወረቀቱ ሲነሳ ሥዕሉ አብሮ ይነሳል። የመጨረሻውን ጣውላ የቀረጸው ታሞ ሳለ ነው። ሳያትመው ሞተ።

ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ ደበቅሁት። የታጨደ ባዶ ማሳ ነው፤ መሀሉ ላይ ወፍ የሚጠበቅበት ማማ ቆሟል፣ ማማው ላይ ግን ማንም የለም። መሰናበቻው መስሎኝ ታትሞ ላየው ፈራሁ።

ዘንድሮ ሣጥኑን ስከፍት ነቀዝ ጣውላውን ከጠርዙ ጀምሮታል። ዛሬ ካላተምኩት አላገኘውም። ቀለሙ ደግሞ ደርቋል። ጥንቅሽ ይዛልኝ የመጣችው ጎረቤቴ ጭንቀቴን አይታ ከድስቷ ቂጥ ጥላሸት ፍቃ አመጣች፤ በኑግ ዘይት ለወስነው።

ወረቀቱን ስናነሳ ጮኸች።

«እንዴ! የኔ ማሳ! የኔ ማማ! ዞብል ግን ምን ሊሠራ ወደ ምዕራብ ተሻገረ? ባልሽ ተራራ ይሰርቃል እንዴ?»

ሲታተም ግራው ቀኝ እንደሚሆን፣ እሱም ገልብጦ መቅረጽ ሁሌ ይረሳ እንደነበር ነገርኳት።

«ታዲያ ይኼን ነው የደበቅሽው?»

«ማማው ባዶ ነው» አልኳት። «ሰውየው ሄዷል።»

«ይሂዳ! እህሉ ገብቶ ማን ማማ ላይ ይቀራል፣ ዝንጀሮ ነው? እታለሜ፣ ጠባቂውን እማማው ላይ ተቀምጦ ብታዪ ነው ማዘን፤ ወፉ ገና እየበላው ነው ማለት ነው። ይኼ ወርዶ ገንፎውን እየዋጠ ነው!»

ያን ጊዜ የረሳሁት መጣልኝ። ባለቤቴ ይህን ጣውላ ማሳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲቀርጽ ከአውድማው ጭፈራ ይሰማ ነበር። ቢላውን አስቀምጦ «ጨረሱ እኮ!» አለኝ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ባዶውን ማሳ ብቻ ነው፤ ጭፈራውን ትቼ።

አለቀስኩ፤ ሳቄም አብሮ መጣ። ሁለተኛው ወረቀት ቀለም በዝቶበት ጠቆረ። «መብራት ጠፋ!» አለች። ሦስተኛው አማረ። እርጥቡን በሁለት ጫፉ ይዛ ወጣች፤ በር ላይ የቆመውን የባጃጅ ሹፌር ስትጠራው ሰማኋት፦ «ና እስቲ ማሳዬን እይልኝ!»

እኔም አራተኛውን ወረቀት አነሳሁ።