በአንድ በግ የሄደው ሆራ

ነሐሴ እዚህ ጆሃንስበርግ የንፋስ ወር ነው። በአገሬ ነሐሴ ሲባል ጭቃ፣ ለምለም ጎመንና ጉም የለበሰ ጠዋት ነው። እዚህ ግን ሰማዩ ደርቆ ከድሮው የወርቅ ማዕድን የአፈር ክምር ላይ ቢጫ አቧራ ይነሳና በተሰጣው ልብስ ላይ፣ በዳቦው ላይ፣ በሽፋሽፍታችን ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። የልጄ ሱቅ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ፣ ከክምሩ ሥር ነው። ክምሩ ተራራ ይመስላል እንጂ ተራራ አይደለም፤ የድሮ ሰዎች ወርቁን ወስደው የጣሉት የምድር ሆድ ዕቃ ነው። እኔ በርጩማዬን ደጃፍ ላይ አውጥቼ ሳየው እውላለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተኛ በሬ ይመስለኛል።

በቀደም አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው መጣ። በክምሩና በሰፈራችን መካከል ያለው ሜዳ የከተማው ነው። ጎረቤታችን ማ ኖምሳና ጓደኞቿ ስፒናችና ሽንኩርት ይተክሉበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሰውየው ኩባንያው ክምሩን እንደገና አጥቦ የቀረውን ወርቅ ሊያወጣ እንደሆነ፣ ፈቃዱም ከጥንት ጀምሮ ያለ እንደሆነ፣ ሜዳውንም ከከተማው ሊገዛ መስማማቱን ነገረን። አሁን የቀረው የነዋሪው ይሁንታ ብቻ ነው አለ። ይህን ሁሉ የተረጎመችልኝ የልጅ ልጄ ሊዲያ ናት። ዋጋውን ስትሰማ፣ በዚህስ ያረጀ ታክሲ እንኳ አይገዛም ብላ ሳቀች። ሰውየው ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ ቅዳሜ ስብሰባ አለ፣ ምሳው ዶሮ ነው፣ በእኛ ነው አለ።

ማ ኖምሳ፣ ዶሮ ካለማ ማን ይቀራል ብላ እጇን አጨበጨበች። እኔ ግን የያዝኩት የዳቦ ቁራጭ እጄ ላይ ከበደኝ። ከሩቅ፣ ከብዙ ዘመን ማዶ፣ የበግ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ያኔ ታጭቼ ነበር። አገራችን በደቡብ፣ ደጋው ወርዶ ቆላውን በሚነካበት ቦታ ነው። ከመንደራችን በታች፣ በዋንዛዎች መካከል፣ አንድ ሆራ ነበር። ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ከብት ሲጠጣው ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ወተቱ ይበዛል። ከብቶቹ ቀናቸውን ያውቃሉ። ማንም ሳይነዳቸው ጠዋት ከጉሙ ውስጥ እየወጡ፣ አንዱ የአንዱን ጭራ ተከትሎ ሲወርዱ፣ እስከ ዛሬ በሕልሜ አያቸዋለሁ። እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከሆራው ዳር ጨዋማውን አፈር እየጫረች፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ከብታቸው ርቆ መውረድ ለማይችል ለደጋ ሰዎች ትሸጥ ነበር። ቆጯችንም፣ ጨርቃችንም ከዚያ አፈር ነው የመጣው። ሆራው የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ነበር።

አንድ ቀን አቶ ተሰማ የሚባል ሰው ከከተማ መጣ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አንድ ነጭ በግ ይስባል። እኛ ዘንድ እንግዳ ሊሰፍር ሲያስብ እንዲህ ነው የሚመጣው። በጉን ሽማግሌዎች ያርዱታል፣ አብረው ይበሉታል፣ እርጥብ ሣር ነጭተው በእጁ ይሰጡትና «ውሃችን ውሃህ ይሁን» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ወንድም ነው፤ ያርሳል፣ ያገባል፣ ሲሞትም ይለቀስለታል። መሬቱ ግን አይሸጥም። መሬት ሰውን ይይዛል እንጂ ሰው መሬትን አይይዝም ይሉ ነበር አባቶች። እናም በጉን በሉ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ አያ ዱካሞ ሣሩን ሰጠው። ሰውየው ሣሩን በሁለት እጁ ሲቀበል አይቼ፣ ደግ ሰው መጣልን ብዬ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ የማዕድን ሹም ጋር በበቅሎ ተመለሰ። ሹሙ ሽማግሌዎቹን ከዋርካው ሥር ሰብስቦ ጠየቃቸው።

«ይህ ሰው በግ አምጥቶላችኋል?»

«አምጥቷል» አለ አያ ዱካሞ።

«በልታችኋል?»

«በልተን መርቀነዋል።»

«እንግዲያው ካሳችሁን ተቀብላችኋል» አለ ሹሙ። «ሥሩ ወርቅ አግኝቷልና ሆራው ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሳቁ ይመስለኛል። ኋላ እንደተነገረን፣ ሕጉ የወጣው በጥንት ጊዜ፣ ሰው ጫካ ገብቶ ወርቅ እንዲፈልግ ለማባበል ነው። ግብር የማይከፈልበት መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው፤ ወርቅ ያየ ሰው የአካባቢውን ሰው በትንሽ ነገር ደስ ካሰኘ፣ ለመንግሥትም ጥቂት ብር ከጣለ፣ ይወስደዋል። ያወጣው ሰው ሞቷል፣ የወጣበት ምክንያትም ሞቷል፤ ሕጉ ብቻ ቀባሪ አጥቶ በእግሩ ይሄዳል።

ችካል ተተከለ፣ በእሾህ ታጠረ። ቀናቸው ሲደርስ ከብቶቹ እንደ ልማዳቸው ወርደው አጥሩ ፊት ቆሙ። አልጮኹም። የሆራው ሽታ ይደርሳቸዋልና ችካሉን ይልሱት ጀመር። እናቴ ይህን አይታ ቤት ገባች።

ቤታችን አንድ በግ ነበር። ለሠርጌ የሚደለብ፣ ድንች ልጣጭና የቦሎቄ ገለባ በእጄ ያበላሁት፣ ላቱ መሬት ሊነካ የደረሰ ሙክት። እናቴ አቶ ተሰማንና ሹሙን ምሳ ጠራቻቸው። በጉን አሳረደች። ሥጋው በሚጥሚጣና በቅቤ ታሸ፣ ቆጮው በቅጠል ተጋገረ፣ አይቡ ከጎመን ጋር ቀረበ። ከቤታችን ማንም አልቀመሰም፤ እናቴ ከልክላን ነበር። ሁለቱ እንግዶች ላባቸው ጠብ እስኪል በሉ። ሹሙ ጣቱን እየላሰ እጅሽ ይባረክ አላት። ልክ ያኔ ሽማግሌዎቹ ገብተው ተደረደሩ። እናቴ ከምሰሶው ሥር ቆማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጠየቀች።

«ጌቶቼ፣ የማንን በግ በላችሁ?»

«የአንቺን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ ሹሙ።

«በልታችሁ መረቃችሁ?»

«መርቀናል እንጂ።»

«እንግዲያው ሆራችን ተመልሷል። የእኔ በግ ከእሱ በግ ይሰባል።»

ሹሙ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ፣ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «እማማ፣ ሕጉ የሚሄደው ወደዚህ ብቻ ነው፤ ወደዚያ አይመለስም» አላት።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ወንዝ ነው እንዴ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈሰው?» አለችው።

አቶ ተሰማም አልሳቀም። የያዘውን አጥንት ቀስ ብሎ አስቀመጠና እጁን ሳይታጠብ ወጣ። በማግሥቱ ስንወርድ አጥሩ በአንድ በኩል ተከፍቶ አገኘነው፤ ሁለት ላም ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ እስከ ሆራው ድረስ። ሹሙ የነፈገንን እሱ በትንሹ መለሰልን። ለዚህ እስከ ዛሬ አልረግመውም።

ነገር ግን ጉድጓዱ ቀጠለ። አፈሩ እየታጠበ ውሃው ቀላ፣ ጣዕሙም ተለወጠ። ከብቶቹ በተሰጣቸው መንገድ ይወርዳሉ፣ ያሸታሉ፣ ይመለሳሉ። ወርቁ ሲያልቅ አቶ ተሰማም ሄደ፤ ጉድጓዱ ብቻ ቀረ። እናቴ አፈር መሸጥ ትታ ለሰው እንሰት ትፍቅ ጀመር። የእኔም ሠርግ በጎመን ተበላ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ በተጣላን ቁጥር፣ አንቺማ በጎመን የመጣሽ ነሽ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ሳላማክር የሱቁን ትልቁን ድስት ጣድኩ። ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ሊዲያ አገነፋች፤ እኔ ባቄላና የማ ኖምሳን ስፒናች በሽንኩርት ሠራሁ። የሰፈሩን ሴቶች ጠርቼ፣ በእኛ ወግ እየጎረስኩ እያጎረስኩ፣ እስኪጠግቡ አበላኋቸው። ሊዲያ፣ አያቴ፣ እዚያ እኮ ዶሮ አለ፣ ፍሪ ነው፣ በነፃ አለችኝ። እኔም የበጉን ነገር ነገርኳትና ለሴቶቹ አስተረጎምኳት። ማ ኖምሳ ሰምታ ስታበቃ ቀስ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ጎጎ፣ ይህ ነገር በእኛም አያቶች ላይ ደርሷል፤ የእኛዎቹ በሬ ነው የበሉት» አለችኝ፤ ጎጎ የሚሉት አያትን ነው።

እኔ እግሬን ስለሚያመኝ ቀረሁ። ሊዲያ መጥታ እንደነገረችኝ፣ ሰውየው ከንግግሩ በፊት ምግቡን አቀረበ። ሴቶቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ማ ኖምሳ፣ በልተን ነው የመጣነው፣ አንተ ተናገር አለችው። አፉ ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። አቧራው ወዴት ይሄዳል? ሜዳውን ለከተማው ማን ሰጠው? ያ ጥንታዊ ፈቃድ ሲሰጥ እኛ የት ነበርን? ጠየቁት፣ ጠየቁት። ሰውየው ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሎ ዶሮውን እንደተሸፈነ ወደ መኪናው መለሰ።

ይመለሳል፤ አውቃለሁ። ያረጀ ሕግ እንደ እኔ እግሩን አያመውም። ሜዳውም ገና የእኛ ነው ማለት አልችልም። ግን ያን ማታ ንፋሱ በረድ ብሎ፣ ክምሩ እንደ በሬ ተኝቶ፣ ሴቶቹ ባዶ ሳህናቸውን ሊመልሱ መጡ። ማ ኖምሳ ለድካሜ ምን እንደምፈልግ አስጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። በእኔ ቤት ስለበላ ማንም የሚሸጠው ነገር የለም።