እስከ ገብርኤል የቆየው ይግባኝ

የበደለኝ የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ። ያኔ እሱ ደብረ ታቦር ውስጥ የጣቢያችን አዛዥ ነበር፤ እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያገለገልሁ ተራ ኮንስታብል። ስሙን የማልጽፈው ለእሱ ብዬ አይደለም። ልጄን ክርስትና ያነሳት እሱ ስለሆነ ነው።

የእስረኞች ክፍል ጥበቃ ላይ ሳለሁ ጠራኝና የመኪናውን ቁልፍ ከቤቱ እንዳመጣለት አዘዘኝ። ተተኪ ሳይመጣ ቦታዬን አልለቅም አልሁት። «እኔ እዚህ ቆሜ የለም እንዴ?» አለኝ። ሄድሁ። ስመለስ በስርቆት የተያዘ አንድ ሰው አምልጧል፤ አዛዡ በረንዳ ላይ ስልክ ያወራል። በሳምንቱ የጥበቃ ቦታ ጥላ ሄደች የሚል ክስ ደረሰኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢም ራሱ ነበር።

ተከሳሽ የሚናገርለት ባልደረባ ይዞ መቅረብ ይችላል። ደንብ የሚያውቅ አንድ ሳጅን እሺ አለኝ። ሊናገርልኝ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትእዛዙን የሰጠው ሰው በጉዳዩ ላይ ፈራጅ ሆኖ መቀመጥ የለበትም የሚል። በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሳጅኑ ለገበያ ጥበቃ ገሳይ ወደምትባል ከተማ ተላከ። ሌላ ቀን ይቀጠርልኝ ብዬ ጠየቅሁ።

«ለምን? አፍ የለሽም እንዴ?» አለኝ ሰብሳቢው። «ቤትሽ ስንመጣ እንኳ ሌላ ሰው አታስወሪም።»

ኮሚቴው ሳቀ። ስለ ቁልፉ ተናገርሁ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ቀና ብሎ ሰብሳቢውን አየና ሳይጽፍ ቀረ።

የስንብት ውሳኔውን በባታ ማግስት ፈርሜ ተቀበልሁ። ይግባኙን በዐሥር የሥራ ቀን ውስጥ ለዞኑ ፖሊስ መምሪያ ማስገባት ነበረብኝ። ሳጅኑ ከገሳይ ሲመለስ ሁለት ገጽ አድርጎ ጻፈልኝ። ጥሩ አድርጎ ነበር የጻፈው።

ላስገባው ስል ሽማግሌ መጣብኝ። ሁለት የሰፈር ሰዎችና የንስሐ አባቴ። አበልጅሽን በመሥሪያ ቤቱ ፊት አታዋርጂው፣ የጠመመውን ራሱ ያቃናዋል አሉኝ።

«አባ፣ ቀኑ እኮ በገብርኤል ዋዜማ ያልቃል» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሰውዬው በመስቀሌ ፊት ቃል ሰጥቷል። ለገብርኤል ዝክርሽ ሲመጣ ወደ ሥራ የምትመለሺበትን ወረቀት ይዞልሽ ይመጣል። እስከዚያ ይግባኙን አቆይልኝ።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። ቀኑንም ቆጥሬ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌ የመለሰች አንዲት ሴት በሰፈራችን ነበረች፤ ለቅሶ እንኳ የሚደርሳት አልነበረም። እሺ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

የገብርኤል ዕለት አበልጄ መጣ። የጾሙን ወጥ በላ፣ ጠላ አስደገመ። ልጄን ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ጠየቃት። ዘጠነኛ ስትለው፣ ልንድራት ነው በሉ ብሎ ሰውን አሳቀ። ወረቀት አልያዘም። የንስሐ አባቴ ከትሪው ላይ ቀና አላሉም። ስሸኘው ነገ ቢሮ ነይ አለኝ።

በማግስቱ መጀመሪያ ወደ መምሪያው መዝገብ ቤት ሄጄ ይግባኙን ሰጠሁ። ሠራተኛዋ ውሳኔውን የተቀበልሁበትን ቀን አየች።

«እትዬ፣ ቀኑ አልፏል» ብላ መለሰችልኝ።

ከዚያ ወደ እሱ ቢሮ ሄድሁ። ተቀመጪ አላለኝም።

«እኔ ይግባኝ አትበይ ብዬሻለሁ?»

«ሽማግሌ ልከውብኛል።»

«የላክሁት ለእርቅ ነው። ታርቀን የለም እንዴ?»

ትቼው ወጣሁ። ቤቴ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ተቀምጬ ቆየሁና ከዝክሩ የተረፈውን ሽሮ በላሁ። ጣዕሙ ትዝ አይለኝም።

ዩኒፎርሜን አጥቤ፣ ተኩሼ አስረከብሁ። በዚያው ሳምንት የንስሐ አባት ቀየርሁ። ልጄን ይዤ አንበሳሜ ከተማ ገባሁና እህል መነገድ ጀመርሁ።