እናቷ ያላየቻት አጥቂ

ኳስ ተጫውቼ ደሞዝ የበላሁ ሴት ነኝ። ካርቱም ውስጥ ይህን ስናገር የሚያምነኝ አልነበረም። የሰው ቤት የምታጸዳ ሴት ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ነበረች ብሎ የሚያስብ የለም። እኔ ግን ኮምቦልቻ ተወልጄ፣ ገና በልጅነቴ ለአንድ የከተማ ክለብ ፈርሜ፣ ጥቂት የውድድር ዘመናት መሀል ሜዳ ላይ አሳልፌያለሁ። አማካይ ነበርኩ። ጎል ያገባችውን ሰው ይሸከማታል፤ ኳሱን ማን እንደሰጣት ግን ማንም አይጠይቅም። እኔ ያንን ወድጄዋለሁ። ኳስ እግሬ ሥር ከመድረሱ በፊት ማን ወዴት እንደምትሮጥ ማወቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ስብሰባ ተጠራንና የሴቶቹ ቡድን በጀት የለውም ተባልን። የወንዶቹ ቀጠለ። አሰልጣኛችን «ማሊያችሁን መልሱ» አለን። ሌሎች ክለቦች በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ሁሉም «እንጠራሻለን» ብለው ቀሩ። አባቴ «እንግዲህ ጨዋታው አለቀ» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ለእሱ ሁልጊዜም ጨዋታ ነበር። ከሰፈራችን ልጆች ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣሁ።

ካርቱም ላይ አርካዊት በሚባል ሰፈር ሥራ አገኘሁ። አሠሪዬ ባሏ የሞተባት፣ ከመምህርነት ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። ሐጃ ነው የምላት። ደግ ነበረች፤ ዓርብ ዓርብ ትለቀኛለች። ዓርብ ሲሆን ካላክላ ሰፈር ያሉ የአገሬን ሰዎች ልጠይቅ ሀፍላ ላይ እሳፈራለሁ። ሀፍላ የሚሏት ትንሿ አውቶቡስ ሁልጊዜ ጢም ያለች ናት። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ ጭኗ ላይ የያዘችው ፌስታል ተቀዶ የታኬታ ጥርስ ብቅ ብሎ አየሁ።

«የማን ነው?» አልኳት በአረብኛ።

ፌስታሉን በጉርድ ቀሚሷ ሸፈነችው። «የወንድሜ።»

በአማርኛ ለራሴ «የወንድም እግር እንዲህ ታንሳለች እንዴ?» ብል ሳቋ አመለጣት።

«ሐበሻ ነሽ!» አለች። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነበር። እናቷ የወሎ ሰው ናት፤ እሷ ግን እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገች። «እኔ ፊት ነኝ። ጎል። አንቺስ?»

«አማካይ።»

ቃሉን አላወቀችውም። «ኳስ የምሰጥ» አልኳት።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች እጇን አጨብጭባ፤ «ለእኔ ስጪ!»

በሚቀጥለው ዓርብ ጀብራ ወደሚባል ሰፈር ወሰደችኝ። አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ አጥሩ ከፍ ያለ። ልጆቹ በጉርድና በሻሽ ይገቡና እውስጥ ሲደርሱ ይቀይራሉ። ሱሪ ለብሳ የተገኘች ሴት ልትገረፍ የምትችልበት ጊዜ ነበር። አሰልጣኙ በቀን የጭነት መኪና የሚነዳ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ ኮች እንለዋለን። አንዷ ሁልጊዜ ከበሩ ኋላ ቆማ ትጠብቃለች። ሜዳው አፈር ነው፤ ስንሮጥ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል። ታኬታ አልነበረኝም፤ በሸራ ጫማ ገባሁ። የመጀመሪያዋን ኳስ ስነካ ለካ እግሬ አልረሳም ነበር።

ያቺ ልጅ ፈጣን ነበረች። በቀኝ በኩል ከተከላካይዋ ኋላ ትደበቅና እኔ ቀና ስል ትፈተለካለች። አላያትም፤ አውቃታለሁ። አገሬ ላይ ደሞዝ እየበላሁ ስጫወት እንኳ እንደሷ የገባኝ አጥቂ አላጋጠመኝም። «ያ ኡኽቲ፣ ጂቢ!» ትላለች፤ እህቴ፣ አምጪው ማለቷ ነው። እሰጣለሁ። ታገባለች። ከዚያ ጎል ካገባችበት እስከ እኔ ድረስ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። ሌሎቹ ጋ አትሄድም።

እናቷ ሰው ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። እትዬ እላት ነበር። ልጇ ኳስ እንደምትጫወት ታውቃለች፤ መጥታ ማየት ግን አትፈልግም። ሳልጠይቃት አንድ ቀን ምክንያቱን ነገረችኝ።

«ፖሊስ ቢጠይቀኝ እንድምል ነው። ያላየሁትን አላየሁም ብዬ እምላለሁ። አየሁ ካልኩ ግን እንዴት እክዳለሁ? በውሸት ምዬ አላውቅም።»

ልጅቷ ትለምናታለች። «አንድ ቀን ነይ እይኝ፣ ያ ኡሚ።» እናት ልብሷን ማጣጠፍ ትቀጥላለች።

ዳቦ ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝም በመንግሥቱ ላይ ተቃውሞ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ከየመንገዱ ጩኸት ይሰማል። የሐጃ በር ክፍት ነበር። ልጆች ከቡምባን እየሸሹ ይገባሉ፤ አስለቃሹን ጭስ እንዲያ ነው የሚሉት። እኔ በሆምጣጤ የራሰ ጨርቅ አድላለሁ። ተቃውሞ ወጥቼ ግን አላውቅም። የመኖሪያ ወረቀቴ ካለፈ ቆይቷል፤ ፖሊስ የውጭ ሰው የሚያፍስበት ከሻ ላይ ከወደቅሁ መመለሻ የለኝም። ልጅቷን ስትወጣ ባየኋት ጊዜ ተቆጣኋት።

«አንቺም ወረቀትሽ ሐበሻ ነው የሚለው። የሰው አገር ጉዳይ ነው፣ ምን አገባሽ?»

ቆማ አየችኝ። «ያንቺ አገር እዚያ አለ። የእኔ የት ነው? ሌላ አላውቅም እኮ።»

ሰዉ ከጦር ሠራዊቱ መምሪያ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ሰፈረ፤ ፕሬዚዳንቱ ከወደቀ በኋላም አልተነሣም። በአንድ ዓርብ ልጅቷ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ድንኳን በድንኳን ላይ ነው። ሻይ የሚያፈላ፣ ግድግዳ ላይ የሚስል፣ ከበሮ የሚመታ። የእኛ ቡድን አንድ ጥግ ላይ ድንጋይ ለጎል አስቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ሱሪያችንን ለብሰን፣ አጥር በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ ተጫወትን። ወንዶች ከበቡን፤ የሚሰድቡን መስሎኝ ጆሮዬ ቆሞ ነበር። ለእሷ አንዱን ኳስ በሁለት ሰው መሀል አሾልኬ ሰጠኋት፤ አገባች። ጀለቢያ የለበሱ አንድ አዛውንት «ያ ሰላም! ያ ሰላም!» እያሉ ጥምጣማቸውን ፈትተው አውለበለቡ። እሷ እንደ ልማዷ እኔ ጋ መጣች። ላብዋ አንገቴ ላይ ሲፈስ አስታውሳለሁ። «አየሽ? ግድግዳ የለም» አለችኝ።

ረመዳን ገባ። እሷ ከዚያ አልወጣ አለች፤ ለጾመኞች ውሃ ታድላለች፣ ሕክምና ድንኳኑ ላይ ታግዛለች። ካላክላ የምትመጣው ልብስ ልትቀይር ነው። አንድ ቀን እኔም እቤታቸው ሳለሁ እናቷን እንደገና ለመነች።

«አሁን ማን ይጠይቅሻል? ማንም አይጠይቅም። ነይ እይኝ።»

እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ኢድ ይለፍና እመጣለሁ። ኢንሻአላህ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ለኢድ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዝናብ እየጣለ ነበር። ለሐጃ ስሑር፣ ከጾም በፊት የሚበላውን፣ አቅርቤ ዕቃ ሳጥብ ከጦር መምሪያው በኩል ተኩስ ሰማሁ። አልቆመም። ሐጃ የሶላት ምንጣፏ ላይ እንዳለች ተገትራ ቀረች። ልጅቷ ጋ ደወልኩ፤ ጠራ፣ አልተነሳም። እንደገና ደወልኩ። ከቀትር በኋላ መጥራቱንም ተወ። ከአስፋልቱ በላይ የሚነሳውን ጥቁር ጭስ ከጣሪያ ላይ ሆነን አየነው።

መንገዱ ሁሉ በጡብና በጎማ ተዘግቶ፣ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ፣ እናቷ ከካላክላ አርካዊት በእግሯ መጣች። አብረን ፈለግን። ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞርን። ከቡድናችን አንዷ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታ አገኘናት። ወታደሮች የሕክምና ድንኳኑን ሲያቃጥሉ ልጅቷ አንድ የቆሰለ ሰው ስትጎትት አይታታለች፤ ከዚያ ሰዉ ወደ ዓባይ በኩል ሲሸሽ አብራ ሮጣለች። ከዚያ በኋላ ያያት የለም።

ሬሳ ክፍልም ገባን። ሰውዬው ጨርቁን ገለጥ አደረገ። ሴት ልጅ ናት፤ ፀጉሯ ረጅም። እናቷ ጎንበስ ብላ አየቻትና «አልሐምዱሊላህ፣ አይደለችም» አለች። ሰውዬው ሲሸፍናት ግን መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ምን ነካኝ! በሰው ልጅ ሬሳ ላይ አልሐምዱሊላህ አልኩ። እናቷ ብትሰማኝስ?»

«አብሽሪ፣ እትዬ። ተነሽ።»

ስለ ልጇ ያላለቀሰችውን ለዚያች ለማናውቃት ልጅ አለቀሰች።

ጎረቤቶች ለቅሶ ሊቀመጡ ሲመጡ በሩን ዘጋች። «ሬሳ ሳላይ አልቀመጥም» አለች። ኢድ አለፈ። የልጅቷ የበዓል ልብስ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነበር።

ወራት አለፉ፤ አዲስ መንግሥት መጣ። የሴቶች ሊግ ሊጀመር ነው ተባለ፤ በግልጽ፣ በስታዲየም፣ ዳኛና ተመልካች ባለበት። ኮች አርካዊት ድረስ መጣ። ማሊያ አምጥቶልኛል። ወረቀቴን ማስተካከል እንደሚቻል፣ ለሐጃም እሱ እንደሚነግራት ነገረኝ። ማሊያውን አልነካሁትም። ይህን ቀን የናፈቀችው እኔ አይደለሁም። ካላክላ ሄጄ ለእናቷ እንደማልጫወት ነገርኳት።

«ትጫወቻለሽ» አለችኝ። «እኔም እመጣለሁ።»

መጣች። ነጭ ቶብ እንደ ሱዳን ሴቶች ተጎናጽፋ ከታች፣ አጥሩ አጠገብ ተቀመጠች። መብራት በርቶ፣ ሴቶች እልል እያሉ፣ ከበሮ እየተመታ ወደ ሜዳ ገባን። ጨዋታው እንደሞቀ ኳስ መሀል ላይ ደረሰችኝ። ቀና ሳልል በቀኝ በኩል ከተከላካይዋ ኋላ ሰነጠቅኋት። ጥሩ ኳስ ነበረች። በተጫወትኩበት ዘመን ሁሉ ከሰጠኋቸው ምርጧ። ማንም አልነበረም። ተንከባልላ ወጣች። ኮች ከዳር «ለማን ነው? ለማን ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ገባውና አፉን በእጁ ያዘ። ያን ቀን ተሸነፍን።

እናቷ ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አልቀረችም። ኳሱን እንደማታይ ቆይቼ ነው ያወቅሁት። ዓይኗ ተመልካቹ ላይ፣ በሩ ላይ፣ የተጋጣሚ ቡድን ተቀያሪዎች ላይ ይዞራል።

«ኳስ የምትጫወት ሴት ሁሉ እዚህ ከመጣች» አለችኝ ስንመለስ ሀፍላ ውስጥ፣ «እሷ በሕይወት ካለች ወዴት ትሄዳለች?»

ስለዚህ መጫወቴን አላቆምኩም። የግርፋቱ ሕግ ተሻረ፤ ልጆቹ ሱሪ ለብሰው በቀን ሀፍላ ላይ ይሳፈሩ ጀመር። ኮሮና መጣ፣ ሜዳው ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። ሐጃ ባሕረ ሰላጤ ያለ ልጇ ጋ ስትሄድ እኔ ካላክላ ከእናቷ ጋር ገባሁ። ሌላ አጥቂ መጣች፤ ጎበዝ ናት፣ ኳስ እሰጣታለሁ፣ ታገባለች። ስታገባ ወደ ሕዝቡ ነው የምትሮጠው።

ከዚያ ጉልበቴ ሄደ። ማንም አልነካኝም፤ ስዞር ብቻ አንድ ነገር ውስጤ ጧ አለ። ሐኪሙ አሁን በቃሽ አለኝ። በአንድ ክራንች እያነከስኩ የቡድኔን ጨዋታ ለማየት ለመጨረሻ ጊዜ ከእናቷ ጋር ሄድኩ። ከሰዓት ላይ ነበር፤ አለቀና ሰዉ ተበተነ። ተነሽ ስላት አልተነሳችም።

«እኔ እንዲህ ስመላለስ» አለች፣ «ልጄ የት እንደምትቆም አላውቅም።»

ዘበኛውን ለምነን ወደ ሜዳው ወረድን። ሣሩ ደርቆ ጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። በቀኝ በኩል ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ አደረስኳት። «እዚህ ነው» አልኳት።

ቆመች። የቶቧን ጫፍ ከነፋሱ ሰብስባ ያዘች። «ፊቷን ወዴት አዙራ?»

ትከሻዋን ይዤ ወደ ጎሉ አዞርኳት።

«አንቺስ?»

«እዚያ፣ ኋላ። ክቡ አጠገብ።»

«ሂጂ ቁሚ።»

አነክሼ ሄጄ መሀል ሜዳ ላይ ቆምኩ። ጀርባዋ ብቻ ይታየኛል። ከዚያ ዞር ሳትል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«ፈጣን ናት?»

«ፈጣን ነበረች፣ እትዬ።»

«ነበረች» አለች። ያን ቃል ስለ ልጇ ከአፏ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ካላክላ ስንደርስ ሚስማሩ ላይ ያለውን የልጇን ልብስ አወረደች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቶቹን ጥሪያቸው አለችኝ።