ከአባቴ ጋር በስልክ የጠገንናት ሩሎት

ሮም አጠገብ ስድስት ዓመት ቤታቸውን ያጸዳሁላቸው አሮጊቷ ሲኞራ ጉልበታቸው ሲደክም፣ ልጃቸው መጥታ ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደቻቸው። በሄዱበት ዕለት፣ ሻንጣቸው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ወደ ጓሮ ይዘውኝ ሄዱና አንዲት ትንሽ ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩ። የሩሎቷ ቁልፍ ነበር። ሩሎቷ በመኪና እየተጎተተች የምትሄድ፣ አልጋ፣ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ያላት ትንሽ ቤት ናት። ሟች ባለቤታቸው በወጣትነታቸው በየበጋው ወደ ባሕር ይጎትቷት ነበር። እኔ ሳውቃት ግን ከጥዱ ሥር ቆማ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ነጭ ቀለሟ ወደ ቢጫ ሄዶ ነበር።

«ቤቱን በዓይንሽ ጠብቂልኝ» አሉኝ ሲኞራ። «አንቺም እዚህ እደሪ።»

ያን ጊዜ የምኖረው ሰላም ፓላስ በሚባለው የስደተኞች ሕንፃ ነበር፤ ከሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል። ክፉዎች አልነበሩም። እኔ ስታመም አንዷ ሾርባ እየሠራች ታበላኝ ነበር። ግን ሮም ከገባሁ አሥር ዓመት ሲሆነኝ አንድም ቀን በሬን ዘግቼ ብቻዬን ተቀምጬ አላውቅም። ቁልፉን ስይዝ መጀመሪያ የታሰበኝ እሱ ነው። በሳምንቱ ዕቃዬን በሁለት ቦርሳ ይዤ፣ ከአናኚና መናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሩሎቷ ውስጥ ገባሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደስ ብሎኝ ነበር። በሬን እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ደግሞ እዘጋለሁ። ከዚያ ዝምታው መጣ። ሌሎች ቤቶች ከማጸዳበት ሥራ እመለሳለሁ፤ የሲኞራ መስኮቶች በሙሉ ተዘግተዋል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት እጁን አንሥቶ «ቦና ሴራ» ይለኝና ይገባል። አንዳንድ ቀን በሥራ ቦታ ያወራሁትን ሁሉ ስቆጥረው ከአሥር ዓረፍተ ነገር አይበልጥም ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር የሩሎቷ መብራት ታመመ። የቤቱ ኤሌክትሪክ ሲኞራ ሲሄዱ ተዘግቷል። ሩሎቷ የምትሠራው ሟቹ ጣራዋ ላይ ባስቀመጡት የፀሐይ ፓነልና አልጋው ሥር ባለ ባትሪ ነው። ባትሪው ሦስት አምፖሎችና አንዲት የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። አምፖሎቹ ቀን በቀን እየፈዘዙ ሄዱ። ውሃ ልቀዳ ፓምፑን ስከፍት ጭራሽ ይጠፋሉ፤ ስዘጋው ቀላ ብለው ይመለሳሉ። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ባለ የሐበሻ ካፌ ውስጥ ኤሌክትሪክ አውቃለሁ ያለኝን አንድ ሰው ለመንኩት። «አሎራ፣ እሑድ እመጣለሁ፣ ቫ ቤኔ?» አለኝ ጣሊያንኛ እየቀላቀለ። እሑድ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም።

አባቴ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ሙያውን አስመራ ውስጥ በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ተምረው፣ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው እስከ ጡረታቸው በጨርቅ ፋብሪካ ሠሩ። አሁን የሚኖሩት ታናሽ እህቴ ዘንድ ነው። በየእሑዱ እደውልላቸዋለሁ፤ ወሬያችን ግን ሁልጊዜ ያው ነበር። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ሥራስ? ጥሩ ነው። ቤትስ? ጥሩ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ እህቴ ስልኩን ትቀበላቸዋለች። ሩሎት ውስጥ እንደምኖር አልነገርኳቸውም። ጓሮ ያለው ቤት አግኝቻለሁ ነው ያልኩት።

የካፌው ሰውዬ በቀረ በሁለተኛው እሑድ እንዲህ አልኳቸው፦

«አባባ፣ አንዲት ጓደኛዬ ሩሎት አላት። መብራቱ አስቸግሯታል።»

ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ። ከተቀመጡበት ቀና ሲሉ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ባትሪው ስንት ይላል?»

«አላውቅም።»

«ቴስተር ትግዛ። ካቻቢቴና ፒንሳም ያስፈልጋታል። ሳይለኩ መነካካት የለም።»

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ የብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ። ለባለ ሱቁ በምን ቋንቋ እንደማስረዳው እያሰብኩ፣ አባቴ እንዳሉት «ካቻቢቴ» አልኩት። ሰውዬው ዘወር አለና ካቻቢቴ አመጣልኝ። «ፒንሳ» ስለው ፒንሳ አመጣ፤ ቴስተርም ጨመረልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አማርኛ ነው ብዬ የያዝኩትን ቃል የሮም ባለ ሱቅ ሳይደነቅ ተረዳኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን የምነግረው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ከመደወሌ በፊት የባትሪውን፣ የሽቦዎቹንና የአምፖሎቹን ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩትና ድምፁን ከፍ አደረግሁ።

«ባትሪው አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ቮልት ይላል፣ አባባ።»

«ባትሪው ጤነኛ ነው። አሁን ወደ አምፖሉ ሂጂ። አምፖሉን አውጪና የሚቀመጥበትን ሁለቱን ጫፍ ለኪ።»

ጓደኛዬን ረስተዋት ነበር። እኔም ረስቻት ነበር።

«አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት።»

«አምፖሉን መልሺና ለኪ።»

«አራት።»

«ሥራ ሳይሰጡት ደህና፣ ሲሰጡት የሚወድቅ» አሉ እንደሚያስቡ ሆነው። «ከአምፖሉ የሚወጡት ሽቦዎች ቀለማቸው ምንድን ነው?»

«ፎቶው ላይ አለ እኮ።»

«በአፍሽ ንገሪኝ።»

ቀዩንና ጥቁሩን ነገርኳቸው። ጥቁሩ የት እንደሚገባ ጠየቁኝ። ከግድግዳው እንጨት ኋላ ይጠፋል አልኳቸው። ምን ያህል ወፍራም ነው? ጫፉ ያብረቀርቃል ወይስ ጠቁሯል? በጣትሽ ስትዳስሺው ይሻክራል? ፎቶ የላክሁት ለምን ነበር ብዬ ተናደድኩ። እንደ ተማሪ የሚፈትኑኝ መሰለኝ። የዚያን ዕለት ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን፤ በሕይወቴ ከአባቴ ጋር ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም።

በሦስተኛው እሑድ ከቀትር በኋላ ከባድ ዝናብ ይጥል ነበር። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡበት ሰንብተው ኖሮ ሰላምታውን አሳጠሩት።

«ረጅም ሽቦ አለሽ?»

«አለኝ።»

«አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ኔጋቲቩ ላይ እሰሪው። ሌላውን ይዘሽ ሂጂና አምፖሉ ላይ ጥቁሩ ሽቦ የገባበትን ብረት ንኪው። አትፍሪ፣ አሥራ ሁለት ቮልት ምንም አያደርግሽም።»

ነካሁት። አምፖሉ ቦግ አለ። ሩሎቷ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንዴ ታየ፤ የተላጠው ወለል፣ መጋረጃው ላይ ያሉት ትንንሽ ጀልባዎች፣ የራሴ እጅ።

«በራ! አባባ፣ በራ! ቪዲዮ ልክፈትና ይዩት!»

በአንድ እጄ ሽቦውን እንደያዝኩ በሌላው ስልኩን አነሣሁና ካሜራውን ወደ አምፖሉ አዞርኩ።

«ታየዎት?»

«አይታየኝም፣ ልጄ።»

«ስልኩን ፊትዎ ላይ ያድርጉት። ወይም እህቴን ይጥሯት፣ እሷ ታሳይዎት።»

«ስልኩ አይደለም» አሉ። «ዓይኔ ነው። አላይም። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

እጄ ከአምፖሉ ላይ ወረደ፤ መብራቱ ተመልሶ ፈዘዘ።

«የዓይን ግፊት ነው አሉ ሐኪሞቹ። ቀስ እያለ ሄደ። እንዳትነግርሽ እህትሽን ያስማልኳት እኔ ነኝ፤ እሷን እንዳትቆጪያት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ምን ልታደርጊ? እዚያ ብቻሽን ተቀምጠሽ ልታለቅሺ?» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «አንቺስ መቼ ነገርሽኝ? ዝናቡ እኮ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚወርደው፤ እሰማዋለሁ። የሮም ቤት ጣራው ቆርቆሮ ነው እንዴ?»

ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«የእኔ ናት፣ አባባ» አልኩ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«መብራቱ ይቅደም ብዬ ነው።» ቀጥለው «አብሮሽ የሚኖር ሌላ ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም። ብቻዬን ነኝ።»

እሳቸው ዝናቡን እየሰሙ ነበር መሰለኝ፤ እኔም የእሳቸውን ትንፋሽ። ብዙ ቆየን። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«በይ እንጨርሰው። መውጫው፣ ቀዩ ሽቦ፣ ደህና ነው፤ የታመመው መመለሻው፣ ጥቁሩ ነው። ጥቁሩ ሽቦ ወለሉ ሥር ወርዶ ከሩሎቷ የብረት አካል ጋር የሚታሰርበት ቦታ አለ። በጋራዥ ቋንቋ ማሳ ይባላል። እሱ ዝጓል። አጽጂው።»

በማግሥቱ ዝናቡ አባራ። ከሥራ እንደተመለስኩ ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ሩሎቷ ሥር ገባሁ። ከጎማው አጠገብ፣ ጭቃና የጥድ ቅጠል የተጋገረበት አንድ ቡሎን አገኘሁ። ከሱ ጋር የታሰረው ሽቦ ጥቁሩ ነበር። ስፈታው ዝገቱ ፊቴ ላይ ረገፈ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈተግኩት፤ የሽቦውን ጫፍም እንዲሁ። መልሼ አጥብቄ አሰርኩትና ገብቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። ሦስቱም አምፖሎች በሩ። ፓምፑን ከፈትኩት፤ ውሃው ወረደ፣ መብራቱም ንቅንቅ አላለም።

እሑድ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤ ደወልኩ።

«ፓምፑን አሰሚኝ» አሉ። ስልኩን አስጠጋሁላቸው። «መብራቱ አልወረደም?»

«አልወረደም።»

«ጎበዝ» አሉኝና ስልኩን ለእህቴ ሰጧት። እህቴ አንድ ቃል ሳትናገር ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ስለ ዓይናቸው የደበቀችኝን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ደረጃ ላይ እንደወደቁ፣ የሚላጩት በእጃቸው እየዳሰሱ እንደሆነ፣ ፎቶዎቼን ስልካቸው ላይ አይታ ምን እንዳለበት ልትነግራቸው ስትል እንኳ እምቢ እንዳሏት። «ራሷ ትንገረኝ» ነበር ያሏት።

ያን ዕለት በደህና መብራት ዕቃ አጠብኩ፣ ልብሴን አጣጠፍኩ፣ ምድጃውን ፈተግኩ። ሁሉንም ስጨርስ ገና አመሻሹ ነበር። ቁጭ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ጥንድ ጫማ በሩ አጠገብ። በጨለማው ጊዜ ይህን ያህል አልታየኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት እሑዶች አጠሩ። የሚለካ ነገር አልነበረም። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። መብራቱስ? ይሠራል። እግዚአብሔር ይመስገን። ስልኩን ስዘጋ ብልሽቱ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? አንድ እሑድ ግን አላስቻለኝም።

«አባባ፣ የአልጋው አምፖል ደግሞ አስቸገረ።»

«እንዴት?» አሉ ደስ እያላቸው። «ለኪው።»

አምፖሉ ደህና ነበር። ቴስተሩን ከመሳቢያው እንኳ አላወጣሁትም። ትንሽ ቆይቼ «አምፖሉ ሲወጣ አሥራ አንድ፣ ሲገባ አሥራ ሦስት» አልኳቸው።

«እንደዚያ የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሥራ ሲሰጡት ከፍ የሚል የለም።»

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ምንም ሳይበላሽም ማውራት ይቻላል እኮ። መስኮት አጠገብ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ምን አለ?»

መጋረጃውን ገለጥኩት። የተዘጋውን የሲኞራን ቤት ነገርኳቸው፤ ከመስኮቶቹ አንደኛው ማጠፊያው ተሰብሮ ወደ ጎን መዝመሙን። ጎረቤቱ መሰላል ላይ ወጥቶ የወይራ ዛፍ ሲገርዝ ነበር። ስንት ቅርንጫፍ ቆረጠ? ጠየቁኝ። መሰላሉ የእንጨት ነው የብረት? ሰውዬው ኮፍያ አድርጓል? ሁሉንም መለስኩ። ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ መሰላሉን ተሸክሞ እስኪገባ ድረስ አወራን።

አሁንም እዚያው ነኝ። ሲኞራ አልተመለሱም፤ ልጃቸውም ስለ ቤቱ ምንም አላለችኝም። እሑድ ከቀትር በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ለአባቴ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ካፌ ውስጥ ወይም አውቶቡስ ላይ የማየውን ለእሑድ ብዬ በልቤ እይዘዋለሁ። ሌሎቹ ስድስት ቀናት ግን እንደነበሩ ናቸው።